የኬክ ልብስና ዋጋው

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ባደረግነው ወርኃዊ ስብሰባ አንዲት አባላችን ከብድር ሣጥናችን 7,000 ብር ጠይቃ እንደነበር የተገኛችሁ ታስታውሳላችሁ። በማመልከቻው ላይ «የብድሩ ምክንያት» በሚለው መስመር «ለልጄ የልደት ኬክ» ብላ ጽፋለች። ጸሐፊያችን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነበው ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። መዝገቡን ይዘን ከፊት የተቀመጥነውም አልሳቅንም ብንል ውሸት ይሆንብናል። ልጁ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። በሚማርበት መዋዕለ ሕፃናት የየልጁ ልደት ሲከበር መኪና የመሰለ፣ ቤተ መንግሥት የመሰለ፣ አሻንጉሊት የመሰለ ኬክ እየመጣ ፎቶ ይነሡበታል፤ እሱን ደግሞ ያማረው የባጃጅ ኬክ ነው። ደንባችን ብድር የሚፈቅደው ለሕመም፣ ለትምህርት፣ ለንግድና ለሐዘን ስለሆነ ጥያቄው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ውድቅ ሆነ። እኛም «አልተፈቀደም» ብለን ጽፈን ገጹን ገለበጥን። እኅታችን ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከስብሰባ ቀረች። መዋጮዋን ግን በሰው እየላከች አንድም ቀን አላጓደለችም።

ዓመታዊ ሒሳቡን ስንዘጋ ያ ገጽ እንደገና ፊታችን መጣ። የሳቅነው በምን ላይ እንደሆነ ስናስበው ለራሳችን ማስረዳት አቃተን። ኬክ ከመቼ ወዲህ ነው ሌላ ነገር መምሰል የጀመረው? ላዩ ላይ የሚለብሰው ስኳር፣ አይሲንግ የምንለው፣ ከየት መጣ? የከፈለበትስ ማን ነው? የሒሳብ ሰው አንድ ወጪ ካላማረው ደረሰኙን ወደ ኋላ እየተከተለ ይሄዳልና እኛም እንደዚያው አደረግን። ከዚህ በታች ዓመታቱን በሙሉ የጻፍነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከስሙ እንነሣ። «ስኳር» የምንለው ቃል ዐረቦች «ሱከር» ከሚሉት ጋር አንድ ነው። የእነሱም በፋርስ አልፎ እስከ ሕንድ ጥንታዊ ቋንቋ እስከ ሳንስክሪት ይደርሳል፤ እዚያ «ሻርካራ» ማለት ጠጠር ማለት ነበር። ሸንኮራን ጨምቆ፣ አፍልቶ፣ እንደ ጠጠር ማድረቅን የጀመሩት ሕንዶች ናቸውና ሙያው ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ስሙም አብሮ ተጓዘ። ስኳር ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሰው በእሱ ቅርጽ ለመሥራት ብዙ አልቆየም። ናሲር ኹስራው የተባለ የፋርስ ተጓዥ በ1047 ካይሮ ገብቶ ያየውን ሲጽፍ፣ በገዢው የግብዣ ጠረጴዛ ላይ ቅርንጫፉም ቅጠሉም ፍሬውም ከስኳር የተሠራ የብርቱካን ዛፍ እንደነበር ይናገራል። በ1574 የፈረንሣዩ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ቬኒስን ሲጎበኝ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁሉ ከስኳር የተሠራ ነበር፤ ንጉሡ የእጅ መጥረጊያውን ጨርቅ አነሣለሁ ሲል እጁ ላይ ተሰበረ ይባላል። በ1582 ኢስታንቡል ላይ ለኦቶማኑ ልዑል የግርዘት በዓል የስኳር ዝሆንና የስኳር አንበሳ በአደባባይ በሰልፍ አልፏል። እንግዲህ መኪና የመሰለ ኬክ የዛሬ ልጆች ቅብጠት ነው የምትሉ እኅቶች ካላችሁ፣ ቅብጠቱን የጀመሩት ነገሥታት ናቸው። ማንም አልሳቀባቸውም።

አሁን ግን ነገሥታቱን ትተን ወደ አንዲት ሴት እንሂድ። ኤልሳቤጥ ራፋልድ ትባላለች። በሰሜን እንግሊዝ አርሊ ሆል በሚባል የባላባት ቤት የቤት አስተዳዳሪ ነበረች። በ1763 የዚያኑ ቤት አትክልተኛ ጆን ራፋልድን አግብታ ማንችስተር ከተማ ገባች። እዚያ ሱቅ ከፍታ ጣፋጭና የተዘጋጀ ምግብ ሸጠች። የቤት ሠራተኛ ከአሠሪ የምታገናኝበት ቢሮ አቋቋመች፤ በእኛ አነጋገር ደላላም ነበረች ማለት ነው። በ1772 ደግሞ የከተማዋን የመጀመሪያ የነዋሪዎችና የነጋዴዎች ማውጫ አሳተመች። ከሁሉ በላይ ስሟን ያቆየው ግን በ1769 ያወጣችው የቤት ሙያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ያሳተመችው ከገዢዎች ገንዘብ በቅድሚያ ሰብስባ ነው። ከ800 በላይ ሰዎች ገና ያልታተመ መጽሐፍ አምነው ከፈሉ። ዕቁብ ሰብስቦ የሚያውቅ ሰው 800 ሰው ማሳመን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሌላ ሰው አስመስሎ እንዳያትምባት ብላም ቅጂዎቹን በገዛ እጇ ፈረመችባቸው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሙሽራ ኬክ አሠራር አለ። ኬኩ በመጀመሪያ በአልመንድ ሊጥ ይለበሳል፣ ከዚያ በላዩ ነጭ የስኳር ልብስ ይደረብበታል። የእንግሊዝ የሠርግ ኬክ እስከ ዛሬ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መጠኑን ተመልከቱት፤ 4 ፓውንድ ዱቄት፣ ማለትም 1.8 ኪሎ ያህል፣ 4 ፓውንድ ቅቤ፣ 2 ፓውንድ ስኳር፣ 4 ፓውንድ ጥቃቅን ዘቢብ፣ ለእያንዳንዱ ፓውንድ ዱቄት ደግሞ 8 እንቁላል፣ በጠቅላላው 32 እንቁላል። በዛሬ ገበያ የእንቁላሉን ብቻ አባዝተን ካልኩሌተሩን አስቀመጥነው። ለላይኛው ልብስ 2 ፓውንድ ሁለት ጊዜ የተጣራ ስኳር ከ2 አውንስ ስታርች ጋር ተወቅጦ በስስ ጨርቅ ይነፋል። የ5 እንቁላል ነጭ በቢላ ግማሽ ሰዓት ይመታል፤ ስኳሩ በጥቂት በጥቂቱ እየገባ እንደገና ግማሽ ሰዓት ይመታል። አንድ ሰዓት ሙሉ በእጅ! መብራት ጠፋ ብሎ ማረፍ እንኳ የለም።

ስለ ስታርቹ አንድ ነገር እንበል። ከእኛ መካከል በቤቷ ኬክ የምትጋግር እኅት ከሸማቾች የወሰደችውን ስኳር በጁስ መፍጫ ፈጭታ፣ በሻይ ወንፊት ነፍታ፣ እንዳይጓጉል ጥቂት የበቆሎ ስታርች ትጨምርበታለች። ይህን ብልሃት ከማን እንደተማረች ስንጠይቃት «ከራሴ» አለችን። እውነቷን ነው። ራፋልድም ከ250 ዓመት በፊት ያንኑ አድርጋለች። ስታርቹ እርጥበቱን ቀድሞ ስለሚይዝ የስኳሩ ደቃቅ ብናኝ እርስ በርሱ አይጣበቅም። ከሱቅ የሚገዛው የታሸገ አይሲንግ ሹገርም ብዙውን ጊዜ ይኸው ተጨምሮበት ነው የሚመጣው።

ራፋልድ የመጽሐፉን መብት በ1773 ለአሳታሚ የሸጠችው በ1,400 ፓውንድ ነው። ለዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነበር። ግን በወቅቱ በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት የምታገኘው ገንዘብ የባሏ ነው። ይህ ሕግ መሻሻል የጀመረው በ1870 ሲሆን፣ ሴቲቱ ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደላት በ1882 ነው። ራፋልድ በ1781 በድንገት ሞተች። ባሏ ንግዱን ማቆየት አልቻለም፤ አበዳሪዎችም መጡበት። ሱቁን፣ ቢሮውን፣ ማውጫውን፣ መጽሐፉን አንድ በአንድ ያቆመችው እሷ፣ መዝገቡ ላይ ግን የሷ የሚባል ሣንቲም የለም። መዝገብ የሚይዝ ሰው ይህን አንብቦ እንዴት አይቆጨው።

የነጩ ስኳር ደረሰኝ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። በዚያ ዘመን ስኳር የሚሸጠው እንደ ሾጣጣ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ በመቁረጫ እየተሰበረ፣ እየተወቀጠ ነው ጥቅም ላይ የሚውለው። በይበልጥ በተጣራና በነጣ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ስለዚህ ነጭ የለበሰ ኬክ ማለት «የዚህ ቤት ሰዎች ገንዘብ አላቸው» የሚል ማስታወቂያ ነበር። ያ ስኳር የሚመጣው ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከጃማይካ፣ ከባርቤዶስና ከመሰሎቻቸው ነው። ሸንኮራውን የሚቆርጡት፣ የሚጨምቁትና ሌሊቱን ሙሉ የሚያፈሉት ከአፍሪካ ተነጥቀው በመርከብ የተወሰዱ ባሮች ነበሩ። በመጭመቂያው አጠገብ መጥረቢያ ይቀመጥ ነበር። ለሸንኮራው አይደለም። የደከመ ሰው እጁ በሲሊንደሮቹ መካከል ሲያዝ አካሉ ሁሉ ተስቦ እንዳይገባ ክንዱን ለመቁረጥ ነው።

ይህን ያወቁ የእንግሊዝ ቤተሰቦች በ1791 እና በ1792 ስኳር መግዛት ማቆም ጀመሩ። የባሪያ ንግድን ሲታገል የኖረው ቶማስ ክላርክሰን ያቆሙትን ሰዎች 300,000 ያህል ናቸው ብሎ ገምቷል። በቤት ውስጥ ምን ይገዛ፣ ምን ይበላ የሚለውን የሚወስኑት ሴቶች ስለነበሩ፣ ድምፅ መስጠት የማይፈቀድላቸው ሴቶች በስኳር ዕቃቸው ድምፅ ሰጡ ማለት ይቻላል።

ኤልሳቤጥ ሄይሪክ የተወለደችው የራፋልድ መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ1769 በሌስተር ከተማ ነው። አጋጣሚ ነው፤ እኛ ግን ሁለቱን ኤልሳቤጦች ጎን ለጎን መጻፍ ደስ አለን። ባሏ ቀድሟት ሞተ፣ እሷም አስተማሪ ሆነች። በ1824 ባወጣችው ጽሑፍ ባርነት ቀስ በቀስ ሳይሆን አሁኑኑ ይቅር አለች። የወንዶቹ መሪዎች በዚያ ጊዜ የሚሉት «ቀስ በቀስ» ነበር። ሄይሪክ በሌስተር የስኳር ዕቀባውን እንደገና አነሣሣች፤ ቤት ለቤት ተዞረ፣ ባለሱቆችም በባሮች የተመረተውን ስኳር እንዳይሸጡ ተለመኑ። በ1825 በርሚንግሃም ላይ የሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። ሴቶቹ ቦርሳ ሰፍተው፣ ውስጡ ስለ ባርነት የሚያስረዳ ጽሑፍ ከትተው አከፋፈሉ። የስኳር ዕቃ ላይ ሳይቀር «በባሪያ ያልተመረተ የምሥራቅ ሕንድ ስኳር» የሚል ጽሑፍ ይታተም ነበር። ከዚያ በ1830 ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች በጣም የምትጥም ነገር ሆነች። ሴቶቹ ለዋናው ማኅበር በየጊዜው ገንዘብ ይልኩ ነበርና፣ «ቀስ በቀስ» የሚለውን ቃል ከስማችሁ ካላወጣችሁ መዋጮአችንን አንልክም አሉ። በዚያው ዓመት ቃሉ ወጣ።

ሄይሪክ በ1831 ሞተች፤ ባርነትን የሚሽረውን የ1833ቱን ሕግ አላየችም። በሕጉ መሠረት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ተከፈለ። የተከፈለው ግን ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው፤ ለባሮቹ ምንም። ይህን ቁጥር ስንጽፍ ብዕራችን ቆም ብሏል።

በየካቲት 10 ቀን 1840 ንግሥት ቪክቶሪያ ስታገባ የተቆረሰው ኬክ 300 ፓውንድ፣ ወደ 136 ኪሎ፣ ይመዝን ነበር፤ ዙሪያው 2.7 ሜትር ያህል ነው። በላዩ ላይ ከስኳር የተሠሩ ምስሎች ቆመውበታል። ከእንቁላል ነጭና ከስኳር የሚሠራውን ደርቆ የሚጠነክር ልብስ እንግሊዞች «የነገሥታት አይሲንግ» ይሉታል። የልጇ ሠርግ ላይ በ1858 የቀረበው ባለ ፎቅ ኬክ ደግሞ የላይኞቹ ፎቆች ባዶ ስኳር ነበሩ፤ ፎቁ ሁሉ እውነተኛ ኬክ የሆነው በ1882 በሌላው ልጇ ሠርግ ነው ይባላል። ለማየት ብቻ የተሠራ ፎቅ በንግሥትም ቤት አለ ለማለት ያህል ነው።

ኬክ ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቤኪንግ ፓውደር ነው። አልፍሬድ በርድ የተባለ የበርሚንግሃም መድኃኒት ቀማሚ በ1843 የሠራው ሚስቱ እርሾ ስለማይስማማት ነው። እንቁላል ስለማይስማማትም ቀደም ብሎ በ1837 ያለ እንቁላል የሚሠራ ካስታርድ አዘጋጅቶላት ነበር። እንዲህ ያለ ባል ይብዛ። ሁለተኛው የስኳር ቀረጥ ነው፤ በእንግሊዝ በ1874 ተነሣ፤ ስኳርም ረከሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ብንዘለው ደስ ይለን ነበር፤ ግን የጦርነቱ ነገር አይዘለልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መንግሥት በ1940 ኬክን በአይሲንግ ማልበስ ከለከለ፤ ስኳር በራሽን ሆነ። ያን ጊዜ ሙሽሮች ምን አደረጉ? ከካርቶን ወይም ከጄሶ የተሠራ ነጭ ባለ ፎቅ ኬክ እየተከራዩ በትንሽዋ ኬካቸው ላይ ደፍተው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ካለቀ በኋላ ካርቶኑ ይነሣና ትንሿ ትቆረሳለች። በ1947 ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባ ራሽኑ ገና ስላላበቃ ለኬኳ የሚሆነውን ከአውስትራሊያ የሴት ልጆች ስካውቶች ላኩላት። ስኳር ከራሽን የወጣው በ1953 ነው። እነዚያን ሙሽሮች ስናስብ የመዋዕለ ሕፃናቱ ፎቶ ትዝ ይለናል። ሰው ተርቦም ቢሆን ፎቶው ላይ ጎድሎ መታየት አይፈልግም።

የእኅታችን ልጅ የጠየቀው ዓይነት ኬክ ግን የእናቶች ሥራ ሆኖ በሰፊው የተዘረጋው በአውስትራሊያ ነው። በ1933 የተመሠረተው «አውስትራሊያን ዊሜንስ ዊክሊ» የተባለው የሴቶች መጽሔት በ1980 የልጆች የልደት ኬክ መጽሐፍ አወጣ። ከመቶ በላይ ቅርጾች አሉበት። ሽፋኑ ላይ ፈንዲሻ የጫነ ባቡር አለ። ዳክዬ አለች፣ አፏ ከድንች ቺፕስ የተሠራ። የመዋኛ ገንዳ አለ፣ ውኃው ጄሎ፣ ግድግዳው ብስኩት። ብልሃቱ የተጋገረውን ተራ አራት ማዕዘን ኬክ በቢላ ቆራርጦ፣ አደራርቦ፣ በለስላሳ ቅቤ ክሬም መሸፈን ነው፤ ስኅተት ቢኖር ከረሜላ ይለጠፍበታል። ባለሙያ አያስፈልግም፤ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። እናቶች ልጆቻቸው ሲተኙ እኩለ ሌሊት ድረስ ይሠሩታል፤ ጠዋት ልጅ ተነሥቶ ያያል። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ አያት ሊሆኑ ነው፤ መጽሐፉ አሁንም ይፈለጋል።

እንግዲህ ስለ ልብሱ ምርጫ እንነጋገር፤ በማኅበራችን ስልጠና ላይ ትልቁ ክርክር የነበረው ይህ ነውና። ፎንዳንት የሚባለው ከስኳር፣ ከግሉኮስና ከጄላቲን ተቦክቶ እንደ ሊጥ ተዳምጦ የሚለበስ ነው። ቅርጽ ይይዛል፣ እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ ይመስላል፤ ኬክ ቤቶችም የሚያስከፍሉት በእሱ ነው። ግን ስኳሩ እርጥበት ስለሚስብ ፍሪጅ ገብቶ ሲወጣ ያልበዋል። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ስለሚወጣ ለጾም አይሆንም፤ ሙስሊም እኅቶቻችንም ምንጩን ሳያረጋግጡ አይበሉትም። ማሸጊያውን ማንበብ ነው። የእንቁላል ነጭ የሚገባበት ደረቁ አይሲንግም ለጾም አይሆንም። የቅቤ ክሬም ከገበታ ቅቤና ከደቃቅ ስኳር የሚመታ ነው። እኛ የምንወደው ይህንን ነው፤ በቤት ይሠራል፣ ሲበላሽ ይለሰናል፣ ይረሳል። በሙቀት ይቀልጣል፣ እውነት ነው። አንድ ጊዜ በታክሲ ይዘነው ስንሄድ የልቡ ቅርጽ እስክንደርስ ሽንኩርት መስሏል።

የጾሙ ክሬም ታሪክ አጭር ቢሆንም ይገርማል። ሮበርት ሪች የተባለ አሜሪካዊ በ1945 ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ከአኩሪ አተር የሚመታ ክሬም ሠራ። የእኛን ጾም ፈጽሞ አላሰበም። ዛሬ ግን በሁዳዴ የጾም ኬክ የሚያለብሱት ከአትክልት ዘይት የተሠሩ ክሬሞች የእሱ ዘመዶች ናቸው። እዚህም ላይ ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ ወተት የለባቸውም ተብለው ኬዚኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን ይገባባቸዋል።

በስልጠናው ላይ አንዲት ታላቅ እኅታችን እትዬ ብለን የምንጠራቸው፣ «እኔስ ስኳሩን ጠርጌ ኬኩን ነው የምበላው፤ ዳቦ በቀለም አይበላም» አሉ። ሳቅን፤ ግን ቃላቸው ቦታ አለው። እኛ ኬክን ቆረጥን አንልም፤ ቆረስን ነው የምንለው። ቃሉ የድፎ ዳቦ ነው። ኬኩንና ስሞቹን፣ ቶርታና ሚልፎሊን፣ ጣልያኖች አመጡልን፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ደግሞ በ1954 ሥራ ጀመረ። ለባለ ልደቱ ቆሞ የመቁረስ ሥርዓት ግን ከቤታችን ዳቦ የተወሰደ ነው። ድፎም ቢሆን ላዩ ላይ በሊጥ ጉንጉን ተሠርቶበት ሲወጣ አይተናል፤ ማስጌጥ እንግዳችን አይደለም።

ግንቦት ላይ ስልጠናው የመጨረሻ ቀኑ ደረሰ፤ እኅታችንም መጣች። ማንም ምንም አላላትም። የአውስትራሊያ እናቶችን መንገድ ተከትለን ሁለት አራት ማዕዘን ኬክ ጋገርን። የመጀመሪያው መሐሉ ሰመጠ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ከሚገባው በላይ ይነፋውና ሳይበስል ይወድቃል። ከተጻፈው መጠን ቀንሰን ሁለተኛውን ጋገርን። አንዱን ከአንዱ ላይ አደራርበን፣ ፊቱን በቢላ አሰልፈን፣ በሰማያዊ የቅቤ ክሬም አለበስነው። ሦስት ክብ ብስኩት ጎማ ሆነ። መስታወቱ ነጭ ክሬም ነው። ታርጋ ላይ የልጁን ስም እሷ ራሷ ጻፈች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አንዱ ፊደል ተጣሟል። የተሰመጠውን ጨምሮ ጠቅላላ ወጪው 1,620 ብር ነው፤ ደረሰኞቹ በፋይል አሉ።

ልጁ ልደቱ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ኬኩን ሲያይ ዝም ብሎ ዞረው። ከዚያ የፊተኛውን ጎማ ነቅሎ በላ። ክሬሙን በጣቱ ወደ ጎን ገፍቶ ኬኩን ብቻ ቆርጦ ወሰደ። ያን ሁሉ የደከምንበት ሰማያዊ ክሬም ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀረ። «አልወድም፤ ያጣብቃል» አለ። እትዬ ደስታቸውን አልደበቁም።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ ቀርቧል፤ ለልጆች ልደት ከ2,000 ብር ያልበለጠ፣ በአራት ወር የሚመለስ ብድር ይፈቀድ ይላል። የሚቃወሙ እኅቶች አሉ። ሣጥኑ የሕመምና የሐዘን ሣጥን ነው፣ ዛሬ ኬክ ነገ ፊኛ ይሆናል ይላሉ። ስጋታቸው ባዶ አይደለም። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ሣጥኑ ውስጥ 4,300 ብር ብቻ ቀርቶ እንደነበር እኛ እናውቃለን፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ አንዲት አባል ሆስፒታል ገብታ ነበር። ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህንንም ያንንም አስቡበት፤ እኛ ሐሳቡን እንደግፋለን፤ ነገር ግን የሣጥኑ ቀሪ ከ10,000 ብር በታች ሲሆን እንዳይሠራ የሚል ሐረግ ይጨመርበት።

እኅታችን በዚህ ወር አዲስ ማመልከቻ አስገብታለች። ምክንያቱ በሚለው መስመር «የእንቁላል መምቻ ማሽን፣ የክሬም ከረጢትና ጫፎች መግዣ፤ ለንግድ» ብላ ጽፋለች። ከሠፈሯ ሁለት ሰው ለነሐሴ ኬክ አዝዘዋታል፤ አንዱ የእግር ኳስ ሜዳ ነው፣ አንዱ ጥንቸል። ለንግድ ብድር በደንቡ ሁለት ዋስ ያስፈልጋል። አንዱ ዋስ ተገኝቷል።